ከመሶብ እስከ ደም

(በድሬዳዋ ለከተማው ሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት የተዘጋጀ)

  

የተጠየቅሁት ሰውነታችን ከምግብ የሚያገኘውን እንዴት እንደሚጠቀምበት በቀላሉ እንዳስረዳ ነው። ጉዳዩ በአንድ ምሽት የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ለዚህች ከተማ ማእድ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል ያልኩትን አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። እርሱም የበላነውን ሁሉ ሰውነታችን አግኝቶታል ማለት አለመሆኑ ነው። ከአፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያለው የምግብ መንገድ አንድ ረጅም ቧንቧ ነው። ምግቡ ቧንቧው ውስጥ እስካለ ድረስ ገና የኛ አልሆነም፤ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ ነው የኛ የሚሆነው። የድሬ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ፣ ዕቃ ለገሃር ስለተራገፈ ብቻ ገበያ ገባ እንደማይባል፣ መሐል ላይ ጉምሩክ እንዳለ ያውቃል። አንጀትም የራሱ ጉምሩክ አለው። ዛሬ በአብዛኛው የማወራው ስለዚያ በር ነው።

መጀመሪያ በሩ ላይ ብዙም ስለማይጉላላው ስለ ኃይል ሰጪ ምግብ በአጭሩ እናገራለሁ። ከዚያ ዋና ጉዳዬ ወደሆነው ወደ ብረት እሄዳለሁ፤ እዚያ ትንሽ ብቆይ ታገሡኝ። በመጨረሻ ስለ ገንቢ ምግብና እዚህ ከተማ ስለምንበላበት ሰዓት አንድ ሁለት ነገር እላለሁ።

እንጀራ ስንጎርስ ሥራው የሚጀምረው ገና አፍ ውስጥ ነው። ምራቃችን ስታርችን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለው፤ ቁራሽ ዳቦ ሳይዋጥ አፍ ውስጥ ሲቆይ እየጣፈጠ የሚሄደው ለዚህ ነው። ጨጓራ በአሲዱ ያሸዋል፤ ቆሽትና ሐሞት የየድርሻቸውን ይጨምራሉ። ዋናው ሥራ ግን ስድስት ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ነው የሚካሄደው። እዚያ ሲደርስ እንጀራው፣ ፓስታው፣ ሩዙም ሁሉ ግሉኮስ ወደሚባል ቀላል ስኳር ይለወጣል። ግሉኮሱ ደም ውስጥ ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን ያወጣል፤ ሕዋሳትም የሚያስፈልጋቸውን ይወስዳሉ። የተረፈው በጉበትና በጡንቻ ይከማቻል፤ ከዚያም የተረፈው ስብ ይሆናል።

ይህ ክምችት ምን እንደሚሠራ የሚታየው በጾም ነው፤ ድሬ ደግሞ ሁለት ጾም ጎን ለጎን የሚጾምባት ከተማ ናት። ጉበት የሚይዘው ስኳር 100 ግራም ቢሆን ነው። አንጎላችን ብቻውን በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈልጋል። በጡንቻ ውስጥ ከዚያ የበለጠ አለ፤ ጡንቻ ግን ያለውን ለራሱ ነው የሚጠቀምበት፤ መልሶ ለደም አያበድርም። ታዲያ በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ፣ በሁዳዴም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውን ሰው ማን ያቆመዋል? የጉበቱ ስንቅ እየሳሳ ሲሄድ ሰውነት ስቡን እያቃጠለ ለአንጎል የሚሆነውን ግሉኮስ ይቆጥባል፤ ጉበትም ከሌላ ነገር አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። ጤነኛ ጎልማሳ ይህን ያለችግር ይወጣዋል። ሲመሽ በተምርና በውሃ ማፍጠርም ለሰውነት የሚመች ልማድ ነው። የተምር ስኳር አብዛኛው አስቀድሞ የተቆራረጠ ስለሆነ ብዙ መፈጨት ሳያስፈልገው ያልፋል። ድሬ ላይ ግን ከግሉኮሱ ይልቅ ቀድሞ የሚያልቀው ውሃው ነው። በሱሑርም በማፍጠሪያም ውሃውን አታሳንሱት፤ የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ወደ ብረት ልለፍ። በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት በሙሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ አንዲት ትንሽ ምስማር ማለት ነው። አብዛኛው ያለው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ሄሞግሎቢን ከሳንባ ኦክስጅን ተሸክሞ ወደየሕዋሱ የሚያደርሰው በእርሱ ነው። አንድ ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ሲያረጅ ጣፊያና ጉበት ያፈርሱትና ብረቱን መልሰው ለአዲስ ሕዋስ ያውሉታል። በዚህ መንገድ በየቀኑ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ሲዘዋወር ይውላል፤ ከምግብ ገብቶ ጉድለቱን የሚሞላው ግን 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይቺ ትንሽ መጠን ለወራት ስትጓደል ሰውየው ሳይታወቀው ይደክማል። ደረጃ ሲወጣ ልቡ ይመታል፣ የታችኛው የዓይን ሽፋኑ ውስጡ ይነጣል። ልጅ ከሆነ ክፍል ውስጥ ይፈዛል። አፈር አፈር ያሰኛት እርጉዝ ስታገኙ አትሳቁባት፤ ብዙ ጊዜ ብረት ያነሰው ሰውነት የሚያሳየው ምልክት ነውና ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው፣ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። እዚሁ አጠገባችን በሶማሌ ክልል የሕፃናቱ ቁጥር 83 በመቶ ደርሷል። እንግዲህ ጤፍ ብረቱ የበዛ ነው እየተባለ ያደግን ሰዎች ይህን እንዴት እንረዳዋለን? እኔን ለዓመታት ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይህ ነው።

የመልሱ አንዱ ክፍል አውድማው ላይ ነው። ጤፍ በከብት ኮቴ ሲወቃ ከመሬቱ አፈር ይቀላቀላል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሚለካው የጤፍ ብረት ጥቂት የማይባለው ከዚያ አፈር የመጣ ነው፤ ሰውነትም እምብዛም አይጠቀምበትም። ሁለተኛው ክፍል እህሉ ራሱ ውስጥ ነው። ጤፍም ይሁን ማሽላ ወይም ሽምብራ፣ ማንኛውም ዘር ለነገ ቡቃያው ፎስፈረስን የሚያስቀምጥበት ፋይቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለው። ይህ ነገር ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ይይዛል። ብረቱ እንደተያዘ አንጀት ይደርሳል፤ በሩ ላይ ይቆማል፤ አልፎም ይሄዳል። ከእህልና ከጥራጥሬ ብረት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እናቶቻችን አንድ ነገር ልናገር። ልጅ ሆኜ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሣ ጓዳው ውስጥ ሊጡ የተቦካበት ባልዲ ክዳኑ ስር ሲተነፍስ እሰማ ነበር፤ አረፋው ጠብ ጠብ ይላል፣ ኮምጣጣ ሽታው ቤቱን ይሞላል። እርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሊጡን እያኮመጠጡ ፋይቲክ አሲዱን የሚፈታው ኢንዛይም እንዲሠራ ያደርጉታል። ሊጡ በቆየ መጠን ብዙ ብረት ይፈታል። እንጀራን ማቡካት ከጣዕሙ በተጨማሪ ብረቱን ከእስር የማስፈታት ሥራ ነው፤ እናቶቻችን የብረትን ስም ሳይሰሙ ሠርተውታል። በድሬ ሙቀት ሊጥ ቶሎ ስለሚነሣ ለመቸኮል እንፈተናለን፤ አሁን አሁን ደግሞ በጥቂት ሰዓት ተቦክቶ የሚጋገር እንጀራ በዝቷል። ዓይኑ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን አላለቀም። ለእርሾ ቀኑን ስጡት እላለሁ።

ሦስተኛው ክፍል እንጀራው ላይ የሚቀርበው ነው። ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ከብረቱ ጋር በአንድ ጊዜ ጨጓራ ውስጥ ከተገኘ፣ ብረቱን በቀላሉ ወደሚያልፍበት መልክ ይለውጠዋል፤ የሚያልፈውን በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊያሳድገው ይችላል። ስለዚህ ከሹሮ አጠገብ የሚቀመጠው ስንግ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ተሞልቶ ሎሚ የተጨመቀበት ያ ጥሬ ቃሪያ፣ ከጌጥ ያለፈ ሥራ አለው። ቀፊራ ገበያ ስትሄዱ ከዙሪያው ገጠር የመጡ እናቶች መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡትን ልብ ብላችሁ እዩ። ዘይቱን አለ፣ በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን አራት እጥፍ ያህል የሚበልጥ፤ ፓፓያ አለ፣ ማንጎ አለ፣ ጊሽጣ አለ። እንዲህ ያለ ሀብት የሌላት ከተማ ብዙ ናት። ችግሩ እነዚህን ፍራፍሬዎች በሌላ ሰዓት፣ መንገድ ላይ ወይም ለእንግዳ ብቻ መብላታችን ነው። ከምሳው ጋር ይምጡ። ሙቀት ቫይታሚን ሲን ስለሚያጠፋው ቃሪያውንም ሎሚውንም ወጡ ከወረደ በኋላ አድርጉት።

ሥጋም የራሱ ውለታ አለው። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በሌላ በር ነው የሚገባው፤ ፋይቲክ አሲድ ብዙም አይነካውም። ከዚያ በላይ ጥቂት ሥጋ አብሮት ያለውን የጥራጥሬውን ብረት ጭምር ይዞ ያሳልፋል። ኪሎ ሥጋ መግዛት ያልቻለ ቤት ቦዘና ሹሮ ቢሠራ፣ ያቺ እፍኝ የማትሞላ ሥጋ ከመጠኗ በላይ ትሠራለች።

አሁን የምናገረው ብዙዎቻችሁን እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፤ ስለ ሻይ ነው። ሻይና ቡና ውስጥ ያሉ ታኒንና መሰሎቹ ብረትን እንደ ፋይቲክ አሲድ ይይዛሉ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ አንድ ስኒ ሻይ ከጥራጥሬና ከእህል የሚገባውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ቡናም ይቀንሳል፤ ሻይ ግን ይብሳል። ጠዋት ፉርኖ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ላይ ሻይ፣ አሥር ሰዓት ሳምቡሳ በሻይ የሚል ቀን ለጤነኛ ወንድ ያን ያህል አይጎዳው ይሆናል። ወር በወር ደም ለሚፈሳት ሴት፣ ለእርጉዝና ለትንሽ ልጅ ግን ከባድ ነው። ሻይ አትጠጡ አልልም፤ ድሬ ተወልጄ እንዲህ ብል የሚሰማኝም የለም። የምጠይቀው ከምግቡ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት አሳልፋችሁ እንድትጠጡት ነው።

ስለ ወተትም ትንሽ ልበል። ከሺኒሌ አቅጣጫ በየማለዳው የሚመጣው የግመል ወተት በቫይታሚን ሲ ከላም ወተት ብዙ ይበልጣል፤ ፍራፍሬ በማይበቅልበት ምድር የአርብቶ አደሩን ቤተሰብ ያኖረው አንዱ ነገር ይህ ነው። ነገር ግን የግመልም የላምም ወተት ብረቱ እጅግ ትንሽ ነው። ስድስት ወር ካለፈው በኋላ በወተት ብቻ የሚያድግ ሕፃን እየወፈረ ደሙ ሊያንስ ይችላል። ወተቱን ማፍላት ከቫይታሚን ሲው ይቀንሳል፤ ቢሆንም ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል አፍሉት፤ ቫይታሚኑን ከዘይቱኑ እንወስዳለን።

በሩን በተመለከተ የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ከሁሉ የከፋው ነው። ጉበታችን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል። ሰውነት በበሽታ ሲወረር ይህ ሆርሞን ይበዛና የብረትን በር ይዘጋል፤ ተሕዋስያንም ብረት ስለሚፈልጉ እንዳያገኙት የሚደረግ መከላከያ ነው። ብልህ ሥርዓት ነው፤ ወባና ተቅማጥ የሚመላለሱበት ልጅ ላይ ግን በሩ ተዘግቶ ይከርማል። ወባ በዚያ ላይ ቀይ ሕዋሳቱን ራሳቸውን ያፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከተማችን ላይ የተነሣውን የወባ ወረርሽኝ ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ስሟ የተነሣው ትንኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። እንደ ሌሎቹ የወባ ትንኞች የገጠር ኩሬና ረግረግ አትጠብቅም፤ ውሃ ይጠፋል ብለን በምናጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ ልጅሽ ደሙ አንሷል የተባለች እናት ስለ ምስሩና ስለ ቃሪያው ካሰበች በኋላ የሮቶውን ክዳን፣ አጎበሩንና የልጇን እጅ መታጠብም ታስብ። ሆዱ ውስጥ ደም የሚመጥ ትል ካለም መድኃኒቱን ይውሰድ።

ስለ ገንቢ ምግብ አጠር ላድርግ። ፕሮቲን አንጀት ውስጥ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይፈታል። ሃያ ዓይነት ናቸው፤ ዘጠኙን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ይለዋል። ከእናንተ መካከል ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ የሠራችሁ አላችሁ፤ ሌላው ክር ሁሉ ተትረፍርፎ አንዱ ቀለም ሲያልቅ ሽመናው እንደሚቆም ታውቃላችሁ። በሐረርጌ ማሽላ ውስጥ ቀድሞ የሚያልቀው ክር ላይሲን የሚባለው ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኘኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ የማሽላ ዘር ሲመረምሩ ላይሲናቸው ከሌላው እጅግ የበለጠ ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም የመጡት ከወሎ ነበር። የወሎ ገበሬ ከእነዚህ ማሽላዎች አንዱን የሚጠራው ወተት በጉንጬ ብሎ ነው። ላቦራቶሪ ሳይኖር፣ እሸቱን ጠብሶ እየበላ፣ ምላሱና የልጆቹ ሰውነት የነገሩትን ነው ስም አድርጎ ያወጣለት። እህሉ ጭምድድ ያለና ምርቱ አነስተኛ በመሆኑ ማሳውን ሁሉ አይዘራበትም፤ ከሌላው መሐል ጥቂት ይዘራል። ያ ስም ግን ከብዙ የምርምር ጽሑፍ ይልቅ ልቤን ይነካዋል።

ለኛ መንገዱ ቅርብ ነው። ማሽላ የጎደለውን ላይሲን ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር አትረፍርፈው ይዘዋል፤ እነርሱ የጎደላቸውን ደግሞ እህሉ ይዟል። የማሽላ እንጀራ በሹሮ፣ ዳቦ በፉል የድሃ ምግብ እየተባለ ይናቃል፤ አንጀት ግን ሙሉ ሽመና ነው የሚያገኝበት። አደራ የምላችሁ ስለ ትንሹ ልጅ ነው። ሆዱ ጠባብ ስለሆነ ቀጭን አጥሚት ሲጠጣ ሆዱን የሚሞላው ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት የምግብ ክፍል ፋፋን የሠራው ይህን አይቶ ነው፤ እህሉን ከጥራጥሬና ከዱቄት ወተት ጋር ቀላቅሎ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። ገንፎውን ወፈር አድርጉት፤ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ እንቁላል ከተገኘም ከአባትየው በፊት ለልጁ።

በመጨረሻ ስለ ሰዓቱ። ድሬ ላይ የቀኑ ትልቅ ምግብ ምሳ ነው፤ ከምሳ በኋላ ለብዙ ሰው የጫት በርጫ ይመጣል። ማንንም ላስቀይም አልመጣሁም፤ ከቤተሰቤም ከወዳጆቼም የሚቅሙ አሉ። ሆኖም ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ረኃብን ያጠፋል፤ ጨጓራም ምግቡን እንዲያዘገይ ያደርጋል። ረኃቡ ስላልተሰማ ሰውነት መፈለጉን አቁሟል ማለት አይደለም። አጅቦት የሚጠጣው ደግሞ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ነው፤ አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ስኳር ብቻ። እራት ይዘለላል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ጠዋት ቁርስ አያስበላም። እንዲህ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሰውየውን የያዘችው ያቺ ምሳ ብቻ ናት። ጡት የምታጠባ እናት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ የምትቅም ከሆነ ያንን ከየት ታመጣዋለች? ቢያንስ ምሳዋ ጥራጥሬና አረንጓዴ ያለበት፣ ሎሚ ያልተለየው ይሁን፤ እራቷንም ባትራብ እንኳ ብትበላ ጥሩ ነው።

ንግግሬን ስጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አንሥተው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ዳቦ በሻይ ነው የምሰጠው፤ ሌላ ጊዜም የለኝ። ታዲያ በምን ላብላው?» አሉ። እኔም «እማማ፣ ዳቦውን አይተዉት። ማታ የተረፈውን ምስር ወይም ፉል ዳቦው ውስጥ ያድርጉለት፤ ሎሚ ጨመቅ ያድርጉበት። የሚጠጣው ውሃ ይሁን። ሻዩን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይስጡት» አልኳቸው። «ምስር እንኳ አያጣም» አሉና ሎሚ አሁን ስንት እንደገባ አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ።